ለጃንሆይ የሚጻፈው ማመልከቻ

ኅዳር 12 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ መካነ ሰላም

ሸህ ይማም ረሃብ የገደለውን የልጅ ልጃቸውን ዛሬ ጠዋት ቀበሩ።

የእህቴ ጎረቤት ናቸው። ከቀብር መልስ እስላሙም ክርስቲያኑም ለዱዓ እንደተቀመጠ እኔን መረቁኝ።

«ልጄ፣ አንተ ከጃንሆይ ፊት የምትቆም ሰው ነህ። አልሰሙም እንጂ ቢሰሙ ዝም አይሉንም። ጻፍልን፤ እኛ በጣታችን እንፈርማለን።»

ሁሉም አሚን አለ። እኔም አሚን አልሁ።

በክረምቱ ለምክር ከተጠራነው ሦስት ዲፕሎማቶች አንዱ ነበርሁ። ጃንሆይ የጠየቁን አንድ ነገር ነው፤ የወሎ ረሃብ ለውጭ መንግሥታት ይነገር ወይስ አይነገር? ሁለቱ ባልደረቦቼ አቀረቀሩ። «በጠላት ዘንድ ያስንቀናል፤ አዝመራው እስኪደርስ ይቆይ» ያልሁት እኔ ነኝ። አነጋገሬ ተወደደልኝ። ያን ስናገር መካነ ሰላምን ረስቼ ነበር ብል ውሸት ነው። እህቴ ስለ ረሃቡ የጻፈችልኝ ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ከሰዓት በኋላ እህቴ ወረቀትና የጣት መፈረሚያ ቀለም እንዳመጣ ሱቅ ላከችኝ። ባለሱቁ ሐሰን ወሬው ቀድሞ ደርሶታል።

«ጋሼ፣ የኔም ጣት አይቅርብኝ» አለና አውራ ጣቱን ቀለሙ ላይ ጫን አደረገ። «ግን አደራ፣ አያርዝሙት። ጃንሆይ አንብበው እስኪጨርሱ እኛ አንቆይም።»

በራሱ ቀልድ ሳቀ። ጣቱን ወደ ላይ እንዳቆመ ወረቀቱን አቀርብለት ዘንድ ይጠብቃል።

ወረቀቱንም ቀለሙንም ባንኮኒው ላይ ትቼ ወጣሁ። የሄድሁት ወደ እህቴ ቤት ሳይሆን ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ነበር።