አንድ ድስት ሥጋ በአምስት ቤት ለመዘኑልን ኃላፊ

ለተከበሩ የአፍላ ወጣቶች አመጋገብና የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ጥናት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም፣ ባልደረቦችዎም፣ ደረጃችንን ሲወጡ ትንፋሽ ያጠራቸው መዛኝዎም ጭምር በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ደህና ነን። ደህና መሆናችንን ያወቅነው በጤና ጣቢያው ከተለጠፈው የጥናት ውጤትዎ ነው፤ እስከዚያ ድረስ እርግጠኞች አልነበርንም።

ውጤቱ እንደሚያስረዳው፣ በሕንጻችን የሚኖሩ አፍላ ወጣቶች ሥጋ በብዛት የሚመገቡ በመሆናቸው፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ለጀመሩት ይታደል የነበረው አልሚ ዱቄት አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም። ወረቀቱ የተለጠፈው ዱቄቱ ይሰጥበት በነበረው መስኮት ላይ ነው። መስኮቱ ተዘግቶ ስለነበር ለመለጠፍ ምቹ ሆኗል። መድኃኒት ከጀመሩት አንዷ የሆነችው ልጄ ቆማ አነበበችው። እኔ እሷን አየሁ። ከዚያ ወደ ቤት ሄድን።

ምስጋናዬ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ከዚያ ወዲህ የሚመላለሱብኝን ጥቂት ቅሬታዎች በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፤ የምትመጡበትን ቀን ቀደም ብላችሁ በማሳወቃችሁ ትሕትናችሁን አድንቀናል። «እንደ ወትሯችሁ ብሉ፤ ምንም ነገር እንዳትለውጡ» ብላችሁም አደራ ሰጥታችሁናል። ዳሩ ግን አብራን የምትኖረው እህቴ፣ የልጄ አክስት፣ እንግዳ መጥቶ ድስት ከፍቶ ሊያይ ነው ሲባል ወትሮ የሚባለውን ነገር ጭራሽ ረሳችው። «ጉዴ ፈላ! የተማረ ሰው ቤቴ ገብቶ ዳቦና ሻይ መዝኖ ሊሄድ ነው?» አለች። እኔ የዳቦና የሻይ ሰው ነኝ።

ሁለተኛ፤ ሥጋው የምድር ቤቷ ልብስ ሰፊ ነበር። ለአማቿ ብላ ያዘጋጀችው ነው። ባልደረቦችዎ እሷ ቤት መዝነው፣ መዝግበው፣ ስለ እጅ መታጠብ ያላቸውን ያንን ረጅም ጥያቄ ሲጀምሩ፣ ድስቱ በጓሮው ደረጃ ወደ ዘበኛው ቤት ወጣ። ከዘበኛው ወደ ሾፌሩ፣ ከሾፌሩ ወደ መምህርቷ፣ ከመምህርቷ ወደ እኛ። ስለ እጅ መታጠብ ባትጠይቁ ኖሮ ድስቱ ባልደረሰልን ነበርና ለዚህም ምስጋናዬ የላቀ ነው። ክዳኑ ሲከፈት ሽታው ቤቱን ሞላው። መዛኝዎ በአራት ቤት ያዩትን ያንኑ የተሰበረ የድስት እጀታ አፍጥጠው አዩት። ተያዝን ብዬ ነበር፤ አሁን ሳስበው፣ ምናልባት ብንያዝ ብዬ ተመኝቼም ይሆናል። በውጤቱ ላይ ግን «በአካባቢው እጀታው በተሰበረ ድስት ማብሰል የተለመደ በመሆኑ የቃጠሎ መከላከያ ሥልጠና ሊሰጥ ይገባል» የሚል አንቀጽ አነበብኩ። ሥልጠናውን በጉጉት እንጠብቃለን።

የሥጋው ክብደት ከሾፌሩ ቤት በላይ ባሉት ቤቶች በጥቂቱ ቀንሶ መገኘቱን ጥናትዎ «ፎቅ በጨመረ ቁጥር ገቢ ይቀንሳል» ሲል አብራርቶታል። እኛ ግን ሾፌሩን ነው የጠረጠርነው። በዚያ ቀን ከዚያ ሥጋ የቀመሰ ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ አፍላ ወጣት አይደለም። ድስቱ ማምሻውን ወደ ልብስ ሰፊዋ ተመለሰ፣ ሥጋውም ሞቆ ለአማቷ ቀረበ።

ሦስተኛ፤ ባለሙያዎ ልጄን «ትናንት ምን በላሽ?» ብለው ጠየቋት። አክስቷን አየች። አክስቷ ጣራውን አየች። «ሥጋ» አለች ልጄ። መዋሸት አትችልበትም፤ ስትዋሽ ጉንጯ ይቀላል። ባለሙያዎ ቅላቱን አይተው የደም ማነስ ምልክት አልታየባትም ብለው ጻፉ።

አራተኛ፤ ጠዋት።

ክኒኑን በባዶ ሆዷ ስትውጠው ያስመልሳታል። ዱቄቱን በጥብጣ ቀድማ ስትጠጣ አያስመልሳትም ነበር። አሁን መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ትከፍተዋለች፣ እንዳልሰማ። እኔም ሬዲዮውን ከፍ አደርጋለሁ፣ ያልሰማሁ እንዲመስላት። ከዚያ ወጥታ «ዋጥኩት» ትለኛለች። «ጎበዝ» እላታለሁ። ውስጧ የቀረው ምን ያህሉ እንደሆነ አላውቅም። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር መድኃኒቱ በቅጡ ካልተወሰደ በሽታው ይላመደዋል ብላናለች። ይላመደዋል። ቃሉ ከእኔ ጋር አውቶቡስ ይሳፈራል፣ ሥራ ይገባል፣ ይመለሳል።

ይህኛው ቅሬታ አይደለም። ቁጥር የተሰጠው በስህተት ነው።

አምስተኛ፤ ነገሩን ለማስረዳት ቢሮዎ መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ በትዕግሥት አዳምጣ «ጋሼ፣ ጥናቱ እኮ ጸድቋል፤ ልጅዎ ሥጋ ትበላለች» አለችኝ። አትበላም አልኳት። «ታዲያ በእርስዎ አንድ ልጅ ምክንያት የሕንጻው ልጆች ሁሉ የሚበሉትን ሥጋ ሊከለከሉ ነው?» ብላ ታዘበችኝ። ወጥቼ በሩ አጠገብ ትንሽ ቆምኩ፤ ለአፍታ፣ ምናልባት ልጄ ሥጋ ትበላ ይሆናል፣ እኔ ነኝ የማላየው ብዬ አሰብኩ።

ስለዚህ የተከበሩ ኃላፊ፣ በትሕትና የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ሳያሳውቁ ይምጡ። አንድ ማለዳ በራችንን ያንኳኩ። እህቴ ታፍራለች፤ ይህን ግልጽ ደብዳቤ በመጻፌም ከእኔ ጋር መነጋገር ታቆም ይሆናል። ልብስ ሰፊዋ ሰላምታ ትነሳኛለች። ሾፌሩም ስሜን አጠፋ ማለቱ አይቀርም። እችለዋለሁ። ዳቦውን ይመዝኑት። ሻዩንም ይመዝኑት። ሬዲዮውን እኔ ዘግቼ እጠብቅዎታለሁ፣ ውሃው ሲከፈት እንዲሰሙ። ከዚያ መስኮቱን ይክፈቱልን።

ለምርምርዎ ጥልቀት፣ ለባልደረቦችዎ ጨዋነት፣ አምስት ጊዜ ተጠይቆ አምስት ጊዜ እውነቱን ለተናገረው ሚዛንዎም ጭምር ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

በውጤትዎ መሠረት ጥጋበኛ የሆነችው ልጅ አባት

ማሳሰቢያ፦ የጥናቱን መጠናቀቅ ምክንያት በማድረግ ባዘጋጃችሁት የምሳ ግብዣ ላይ ልጄ «አርአያ ተመጋቢ» ተብላ ንግግር እንድታደርግ የላካችሁት ጥሪ ደርሶናል። ትመጣለች። ንግግሩን ራሷ ጽፋዋለች፤ አጭር ነው፣ እኔም አንብቤዋለሁ። ከሰማችሁት በኋላ ምሳውን እንደማትነፍጓት እርግጠኛ ስላልሆንኩ፣ እባክዎ አስቀድማ ትብላ።