ሁለት ውጤት በአንድ ስልክ

ሐሙስ፣ ጥር 14
ከሰዓት በኋላ

የኔ ጌታ፣ የሆዴ ፍሬ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? እኔ ቁጭ ብዬ እየጻፍኩልህ ነውና ደህና ነኝ ማለት ነው። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትለኝ። በስልክ ድምፄ ያሳብቅብኛል፣ ሚስትህም ካጠገቤ አትጠፋም። ጎረቤታችን ሹፌሩ ነገ ጠዋት ዕቃ ጭኖ አንተ ያለህበት ከተማ ስለሚመጣ በእጅህ ይሰጥሃል። ዛሬ ማታ ከሷ የምትሰማው ሌላ ነው፤ እውነቱ ግን ይሄ ነው።

የፈተናው ውጤት መጣ። የሷ ስልክ ተበላሽቶ ሁለታችንም የተመዘገብነው በኔ ቁጥር ስለሆነ፣ ሁለቱም መልእክት እኔው ጋ ገባ። ሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ እየተኮስኩ ነበር። መልእክቱን ሳነብ ካውያውን አንሶላው ላይ ረስቼው ኖሮ፣ የተቃጠለው ሽታ ነው ያነቃኝ። አለቃዬ «ምን ሆነሻል ዛሬ?» አለችኝ። ዕድሜ ነው አልኳት።

ሚስትህ አልፋለች፤ ያውም በደንብ። እኔ ሌላውን ሁሉ አልፌ ሒሳብ ላይ ወደቅኩ።

መቼም ታስታውሳለህ፤ አንተ ያለህበት ከተማ ያለው የጤና ረዳቶች ማሰልጠኛ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማጠናቀቂያ ከሌለሽ አንቀበልም ሲላት፣ «በዚህ ዕድሜዬ እንደገና ተማሪ ልሁን?» ብላ አለቀሰች። «የማታ ትምህርት አብሬሽ እገባለሁ፤ እኔን ሲያዩ አንቺን ሕፃን ይሉሻል» አልኳት። እኔም ከአሥራ አንደኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው፣ በቀልድ ጀምሬው ቁም ነገር ሆነብኝ። የማታው መምህር አንዱ ቧንቧ በርሜል ሲሞላ ሌላው ሲያፈስ ስንት ሰዓት ይፈጃል ሲለን፣ «ማፍሰሻውን የማይዘጋ ሞኝ ማነው?» ብዬ ክፍሉን በሳቅ ገደልኩት። ፈተናው ላይ እንደዚያው ያለ ጥያቄ ሲመጣ ግን ሳቄ የት እንደገባ እንጃ። ቁጥሮቹ ተደበላለቁብኝ። ሚስትህ ከፊቴ ተቀምጣ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች። እውነቱን ልንገርህ፣ ከራሴ መውደቅ ይልቅ የሷ ማለፍ ነበር ያስፈራኝ።

ባለፈው ክረምት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ራሴን አዙሮኝ ወድቄ ነበር። ያልሰማኸው እንዳትነግርህ አስምያት ነው። መቀርቀሪያውን ሰብራ ያነሳችኝ እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ ገላዬን ስታጠብ በር ላይ ቆማ ታወራኛለች፤ ዝም ካልኩ «እማዬ፣ አለሽ?» ትላለች። «አለሁ፣ የት እሄዳለሁ» እላታለሁ። እሷ ከሄደች ማን አለሽ ይለኛል እያልኩ ስፈራ ነው የከረምኩት።

ትናንት እራት ላይ ደግሞ ምን አለችኝ መሰለህ? «አብረን ጀምረናል፣ አብረን ነው የምንጨርሰው። አንቺ ካላለፍሽ እኔ አልሄድም፤ ቀጣዩን ዙር አብሬሽ እጠብቃለሁ።»

«ባልሽስ?»

«ይጠብቃል።»

ይህችን ልጅ ታውቃታለህ፣ አልኩ ካለች አለች ነው። ማሰልጠኛው ደግሞ ቦታ የያዘላት እስከዚህ ወር መጨረሻ ብቻ ነው።

እንግዲህ አየኸው። እውነቱን ብነግራት ትቀርልኛለች። መዋሸትም መለመንም የለብኝም፤ ስልኩን ማሳየት ብቻ ነው። ከሥራ ስመለስ መንገዱን ሁሉ ስልኩን ጨብጬው መጣሁ። መኪና ሲያልፍ አልሰማም፣ ሰው ሰላም ሲለኝ አልመልስም። የዛሬን ያህል ራሴን ፈርቼ አላውቅም።

ቤት እንደገባሁ የኔን መልእክት አጠፋሁት። ስትመጣ «ሁለታችንም አልፈናል» እላታለሁ። ያንቺ የታለ ካለችኝ ጣቴ ስቶ አጠፋው እላለሁ፤ በስልክ ነገር ምን ያህል እንደምችል ስለምታውቅ ታምነኛለች። ለመመዝገብ ለጊዜው የመልእክቱ ውጤት ይበቃል ብለዋታል፤ ዋናውን ወረቀት እኔ ተቀብዬ እልክላታለሁ። ይሄ ደብዳቤ እስኪደርስህ አንተም እንኳን ደስ ያለሽ ብለኸኝ ይሆናል። ተወው፣ እንደዚያው ይቆይ። ሒሳቡን ቀጣዩ ዙር ላይ ብቻዬን እቀመጥበታለሁ። የቤቱን ቁልፍ ደግሞ አስቀርጬ ለሹፌሩ ሚስት ሰጥቻታለሁ። የመታጠቢያ ቤቱም መቀርቀሪያ እንዳይሠራ ብያለሁ።

አንድ ነገር ግን አደራ። እናትህ ጀግና አይደለችም። ሻንጣዋን ስታወጣ ሳይ ልቤ ሊከዳኝ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሁሉንም ዘርግፌ እነግራት ይሆናል። ደውላ «እናትህ ወድቃለች፣ ልቀር ነው» ካለችህ እሺ እንዳትላት። እኔ ራሴ ስልኩን ተቀብዬ «ትቅርልኝ» ብዬ ባለቅስም እንዳትሰማኝ። ነይ በላት።

ፈጣሪ ባንድ ጣሪያ ሥር ያኑራችሁ። የምትወልዱትም ልጅ መልኩ እኔን ቢመስል ቅር አይለኝም፤ በሒሳብ ግን እሷን ይምሰል።

እናትህ