የአዴ ሎሚ ገበቴ

ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ
መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ፣ አሁን ግን በጣም ለተናደድኩብህ ባለቤቴ ለኢቢሳ፤ ሰመራ

እንደምን ከርመሃል? በረሃው እንዴት ይዞሃል? ውሃ ትጠጣለህ ወይስ እንደ ልማድህ ግሬደርህ ላይ እንደተቀመጥክ ትውላለህ? እኔ ደህና ነኝ። እግሬ ድኗል፣ እንቅልፌ ጥሩ ነው፣ እበላለሁ። የጎደለኝ አንተ ብቻ ነህ፤ አንተም የጎደልከው በራስህ ፈቃድ ነው።

ባለፈው የደወልክ ለት «ሰምቻለሁ» አልክ። «ምኑን?» ብዬ ሳልጨርስ ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። ከዚያ ወዲህ ብደውል ብደውል የምታነሳልኝ ያቺ «የደወሉላቸው ደንበኛ» የምትለዋ ሴትዮ ናት። ከእሷ ጋር ተዋውቀን ልንጨርስ ነው። ስለዚህ ወረቀት አነሳሁ። አላዛር ሹፌሩ ወደ ጅቡቲ ሲያልፍ በእጅህ ይሰጥሃል፤ አንብበህ እስክትጨርስ ከአጠገብህ እንዳይነሳ አስምዬዋለሁ። ሻይ ጋብዘው።

የሰማኸውንማ እኔም ሰምቻለሁ። ሚስትህ የሺአረግ ወልዳለች፤ ባሏ ሰመራ ከወረደ ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል፤ እሷ ግን በር ዘግታ አራስ ተኝታለች። አይደል? ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይላሉ አባቶች። አንተ ምን ጨመርክበት? ስልክ መዝጋት።

እስቲ ተረጋግተህ አስብ። ጥር ላይ ሐዋሳ ማራቶን ሮጬ አራተኛ ስወጣ በስልክ ጮኸህ ጆሮዬን ያደነቆርከኝ አንተ አይደለህም እንዴ? ፎቶዬን ለካምፑ ሰው ሁሉ አሳየሁ አላልከኝም? ያንን ፎቶ እንደገና አውጣና ሆዴን እየው። ቀን የገፋ ሆድ ይዛ፣ በቁምጣ፣ አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር የምትሮጥ ሴት ካለች ሜዳሊያው ለእሷ ይገባል፤ የእኔንም እሰጣታለሁ።

አሁን ነገሩ እንዴት እንደመጣ ልንገርህ፤ አትሳቅ። ወይም ሳቅ፤ ብትስቅ ይሻለኛል።

ከሐዋሳ ስመለስ እግሬ እግር አልነበረም። ጭኔ ደርቆ፣ ሁለት የእግር ጣት ጥፍሮቼ ጠቁረው፣ ከሚኒባስ ስወርድ ረዳቱ አቅፎ ነው ያወረደኝ። ደረጃ መውረድ የምችለው ወደ ኋላ ዞሬ ነበር። አሰልጣኝ ፋንታሁን ሲሸኘኝ እንዲህ አለኝ፤ «ተኚ፣ ብዪ፣ ጠዋትና ማታ ትንሽ ተራመጂ፣ ሩጫ የሚባል ነገር እኔ ሳልነግርሽ እንዳትሞክሪ። ማራቶን የሚጎዳው ሲሮጡት አይደለም፤ ሳይድን ደግመው ሲሮጡ ነው።» ይህንን ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። እሷ «ተኚ፣ ብዪ» የሚለውን ሰማች፤ የቀረውን አልፈለገችውም።

በማግስቱ ከኡኬ በመጀመሪያው ሚኒባስ ቅቤዋን፣ ዶሮዋንና የገንፎ ዱቄቷን ይዛ ከተፍ። እናቴን ታውቃታለህ። በድርቁ ጊዜ በልጅነቷ ከወሎ ስትመጣ ሌላ ዕቃ አልነበራትም፤ የያዘችው የአያቷን ደንብ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ እስካሁን ማንም አላስጣላትም። ከአልጋ ተነስቼ ስራመድ በር ላይ ቆማ አየችኝና፣ «ይህ አረማመድ የአራስ ነው» አለች። «እማ፣ የሩጫ ነው» ብላት፣ «እኔ ስድስት ወልጃለሁ፤ አንቺ አረማመድ ታስተምሪኛለሽ? ገላ ተሰባብሮ ሲመጣ መጠገኛው አንድ ነው» ብላ መስኮቱን ዘጋችው።

ከዚያ በኋላማ ምኑን ልንገርህ። አልጋዬ በመጋረጃ ተከለለ። አናቴ ላይ ቅቤ ተደረገ። ጠዋት ገንፎ፣ ቀን የዶሮ መረቅ፣ ማታ አንጮቴ። የእናንተ አገር ስር የተሰበረ አጥንት ይጠግናል ሲሏት ከገበያ ሙሉ ዘንቢል ይዛ መጣች። ፀሐይ ክልክል ሆነ፤ ምች ይመታሻል። ሽንት ቤት እንኳ ብቻዬን ስሄድ ቢላዋ አስይዛኝ ነው፤ አራስ ያለ ብረት ከቤት አትወጣም። «እማ፣ እኔ እኮ አልወለድኩም» ስላት፣ «ሰይጣን ወለድሽ አልወለድሽ ብሎ አይጠይቅም፤ የደከመ ሰው ካየ ይበቃዋል» አለችኝ። ምን ትላለህ? እኔም ደክሞኝ ነበር፤ ቢላዋውን ያዝኩት።

ታዲያ አንድ ጠዋት ጋቢ ተከናንቤ፣ ቅቤው ግንባሬ ላይ እየወረደ፣ እግሬን እየጎተትኩ፣ ቢላዋዬን ይዤ ከሽንት ቤት ስመለስ ከአጥሩ ማዶ ያሉት አዴ ሎሚ አዩኝ። በየድግሱ የሚያሳልፉት ሴትዮ፣ አንተን ሁልጊዜ «ልጄ» የሚሉህ። እንግዲህ ፍረድ። እሳቸው ምን ይበሉ? እኔም ብሆን ሌላ አላስብም።

በማግስቱ እናቴ ገበያ ወጥታ ሳለ መጡ። ቅቤ የዋጠ ጩምቦ፣ ያንን ወፍራም ቂጣችሁን፣ በትልቁ ገበቴ አድርገው፣ ነጠላ አልብሰውት። መጋረጃውን ሳይገልጡ ከወዲያ ቆመው፣ «ባጋ ዋቃዮ ነጋን ሲ ሂኬ» አሉኝ፤ እንኳን እግዚአብሔር በሰላም ፈታሽ። እኔ ገና አፌን ስከፍት ምርቃቱን ጀመሩት። አንተ የዚህ አገር ልጅ ነህ፤ የሽማግሌ ምርቃት ተቋርጦ ያውቃል? «ይደግ» አሉ። አሜን አልኩ። «ጎጆሽን ይሙላው» አሉ። አሜን። «አባቱ ከበረሃ በሰላም ይግባለት» አሉ። አሜን። ከመጨረሻው አሜን በኋላ እውነቱን ልናገር ስል ገበቴውን አስቀምጠው ወጥተዋል። ሕፃኑን እንኳ አሳዪኝ አላሉም፤ ክፉ ዓይን ፈርተው። እኔ አልጋ ላይ ከአንድ ገበቴ ጩምቦ ጋር ቀረሁ።

ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ ይህንን ለእናቴም አልነገርኳት። «እማዬ ብሎ ይጥራሽ» ያሉኝ ጊዜ፣ ያንን አሜን ከሌሎቹ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው ያልኩት። ለምን እንደሆነ አስረጂኝ ብለህ አትጠይቀኝ። ሲወጡም ጩምቦውን እየበላሁ አለቀስኩ፤ ጩምቦው ደግሞ ጥሩ ነበር።

የቀረውን መገመት ትችላለህ። አዴ ሎሚ ለጸሎት ጓደኞቻቸው ነገሩ፤ ከሰዓት በኋላ ሳሙና መጣ፣ ሞግዚት የምትሆን ልጅ ላምጣ የሚል መጣ፣ ትንንሽ ካልሲ መጣ። ወሬው ከቡርቃ ጃቶ ተነስቶ ጨለለቂ ሲደርስ ማን እንደሰማ ታውቃለህ? እህትህ ኬኔ። በሩን በርግዳ ገባች፤ መጋረጃውን ጎትታ አወረደችው፤ ብርድ ልብሱንም ገፈፈችው። «የታለ?» አለች። «ይኸውልሽ» ብዬ የጠቆሩ ጥፍሮቼን አሳየኋት። መጀመሪያ እኔን አየች፣ ቀጥላ ቢላዋውን፣ ከዚያ ገንፎ የያዘችውን እናቴን። ሳቋ ሲመጣ መሬት ላይ ነው የተቀመጠችው። ስትጨርስ ስልኳን አውጥታ ደወለችልህ፤ አንተ ግን ወሬው ከእሷ ቀድሞ ሰመራ ደርሶልህ ስልክህን ዘግተህ ነበር። እሷን እንኳ ብትጠይቃት ኖሮ ይህ ሁሉ ወረቀት አይባክንም ነበር።

እናቴ ግን አልተቀየመችህም። «ኢቢሳ ደግ ልጅ ነው፤ ምች መትቶት ነው እንጂ እንዲህ አያደርግም» ብላ ዳማከሴ ቋጥራልሃለች፤ አላዛር ጋ አለ። ጨምቀህ አሽትተው። በዚህ ነገር ለእኔም እሷ ትክክል ትመስለኛለች።

አሁን ስለ ሥራዬ ልንገርህ። አሰልጣኝ ፋንታሁን ሲያየኝ ዙሪያዬን ዞረ፤ «ክለባችን አራስ መቀበል ጀመረ?» አለ። ፊቴ ሞልቶ ነበር። ግን እግሬን ሲነካካው ፌዙን ተወው። እብጠቱ የለም፣ ጉልበቴ አይጮህም፣ ጭኔ ለስልሷል። «ማን ነው ያከመሽ?» አለኝ። ነገርኩት። «እግዜር ይስጣት፤ ግን ቢላዋውን ሜዳ ላይ እንዳታመጪው» አለ። የመጀመሪያውን ሳምንት ሶምሶማ ብቻ፣ ከልጆቹ ኋላ፣ እያወራሁ። ከዚያ ኮሮኮንቹን ረዘም አድርገን። ትናንት በመኪና ወደ ኡኬ ቁልቁል ወርደን ዳገቱን ሽቅብ ወደ ከተማ ሮጥነው። ያን ዳገት ታውቀዋለህ፤ መኪናህ እንኳ የሚያቃስትበት። ግማሹ ላይ ልጆቹ አንድ በአንድ መንጠባጠብ ጀመሩ፤ እኔ ትንፋሼ ገና ነበር። መንገድ ዳር ማንጎ የሚሸጡት ሴቶች «ጃባዱ፣ ጃባዱ»፣ በርቺ በርቺ፣ እያሉ ሲያጨበጭቡልኝ ይባስ ፈጠንኩ። እንዲህ ሆኜ ሮጬ አላውቅም። አሰልጣኙም ሰዓቱን አይቶ ደብተሩ ላይ ጻፈው።

ሚያዝያ ላይ አዳማ እሮጣለሁ። ሐዋሳ ላይ ሦስቱ ሴቶች የቀደሙኝ መጨረሻው ላይ ነው፤ ልብ ስላጠረኝ እንጂ እግር አጥቼ አልነበረም። አዳማ ላይ አያገኙኝም። ይህንን የምልህ ለጉራ አይደለም። ዳገቱ ነግሮኛል።

ከአዳማ በኋላ ደግሞ ረጅም እረፍት እንዲሰጠኝ አሰልጣኙን ጠይቄ ተስማምቷል። ምክንያቱን አልጠየቀኝም። አንተ ግን ታውቀዋለህ። ሰመራ የሄድክ ለት፣ መናኸሪያው ላይ፣ ጫማዬን በፌስታል ይዘህ የሰጠኸኝ ጊዜ ምን ተባባልን? «አንድ ማራቶን ሮጠሽ ይውጣልሽ፤ ከዚያ ልጅ» አላልክም? እኔ እሺ አላልኩም? ማራቶኑን ሮጥኩ። ከእኔ በኩል ያለው አልቋል፣ ኢቢሳ። እኔ ልወልድልህ ቀን ስቆጥር አንተ ወልዳለች ብለህ አኮረፍክ። ለዚህ ነው የተናደድኩት። ሌላውንማ በሳቅ አሳለፍኩት።

ከሰመራ ወደ ነቀምቴ ስትመጣ አዳማ መንገድህ ላይ ናት። የሩጫው መድረሻ ላይ አትቁም፤ እዚያ ሰው ሞልቷል። ሠላሳ አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቁምልኝ። ሐዋሳ ላይ ልቤ የከዳኝ እዚያ ነው። ውሃ አትያዝ፣ አትጩህ፣ ብቻ ልይህ። ካልመጣህም እሮጣለሁ፣ አሸንፋለሁም፤ ይህን እወቀው። ግን ብቻዬን አሸንፌ ለማን እነግራለሁ?

ባለፈው እሑድ ገበቴውን አጥቤ ለአዴ ሎሚ ልመልስ ሄድኩ። ባዶ ዕቃ ስለማይመለስ ቆሎ ሞልቼበት። ኬኔ እውነቱን አስቀድማ ስለነገረቻቸው ያፍራሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። አላፈሩም። ቆሎውን በነጠላቸው ጫፍ ገለበጡና ባዶውን ገበቴ መልሰው ሰጡኝ። «እኔ ለእግርሽ አላመጣሁትም፤ ለልጁ ነው ያመጣሁት። ልጁ ዘገየ እንጂ እኔ አልተሳሳትኩም። ልጁ ሲመጣ ገበቴውን አባቱ ይዞልኝ ይምጣ» አሉኝ።

አሁን መደርደሪያው ላይ፣ ከሜዳሊያዬ አጠገብ ነው ያስቀመጥኩት። እናቴ በየቀኑ ትወለውለዋለች። እኔ ብዙ ነገር ብቻዬን መጨረስ እችላለሁ፤ ዳገቱንም፣ አዳማንም። ይህንን ገበቴ ግን ብቻዬን መመለስ አልችልም። ኮቱ፣ ኢቢሳ። ና።

የበረሃው ፀሐይ ይብረድልህ፣ መንገዱ ይቅናልህ፣ የክፉ ሰው ወሬ ጆሮህን ይለፈው። አሜን በል፤ ምርቃት አይቋረጥም።

ያንተዋ
የሺአረግ