የታርኔቱ አደባባይ

ለእህቴ ለእትዬ የሻሽወርቅ፣

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? እኔ ከሜልቦርን ብርድ በቀር የምከሰው የለኝም፤ እርሱ ይመስገን።

ልጄ ትሕትና የኪነ ሕንጻ ትምህርቷን ጨረሰች። የመመረቂያ ጽሑፏ ስለ ሮም መሳፍንት ነው፤ ከአራት መቶ ዓመት በፊት፣ ባሮክ በሚሉት የሕንጻ ጥበብ ዘመን፣ ከየቤታቸው ፊት አደባባይና ፏፏቴ እያሠሩ የቤተሰባቸውን ዓርማ ያስቀርጹበት ነበር።

«እኛስ ለቤተ ክርስቲያን በሰጠነው ወንበር ጀርባ ስማችንን እንጽፍ የለ?» አልኳት።

«ዳድ፣ አደባባዩኮ ደጃቸው በሰው እንዲሞላ ነው።»

በማግስቱ ታርኔት በሚባለው ሰፈራችን፣ ቤቴ ደጃፍ ላይ አግዳሚ ወንበር አቆምኩ፤ ስማችንንም ጻፍኩበት። ጎረቤቴ ኸሊል «ልዑልነትዎ፣ ፏፏቴውስ?» ቢለኝ የአትክልት ማጠጫውን ጎማ ከፈትኩለት።

ትሕትና ሮም የሁለት ዓመት ስኮላርሺፕ አገኘች፤ እልል ይበሉልኝ! ወንበሩ ሦስት ሰው ይይዛል። ብቻዬን ስሆን መሃሉ ላይ የምቀመጠው ሚዛኑን ለመጠበቅ ነው።

ደጅዎ ሰው አይጣ፤ ይህን ምርቃት መልሰው ቢልኩልኝ አልጠላም።

ወንድምዎ ጌታቸው