እናቴ የመሰከረችበት ረግረግ

ለተከበሩ የመሬት ልማት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እኛ የረግረጉ ዳር ደንገል አጫጆችና ምንጣፍ ሠሪዎች ከረግረጉ፣ ከደንገሉና ከምንጣፉ በቀር ምንም አልጎደለብንም። በተለይ የእግርዎን ጤና አጥብቄ እመኛለሁ፤ ሊጎበኙን የመጡ ዕለት ከመኪናዎ ሳይወርዱ ሲመለሱ አይተን ጭቃችን ምን ያህል እንዳሳቀቀዎት ገብቶን ነበርና። አሁን ጭቃው ስለሌለ በነጠላ ጫማ ሊንሸራሸሩበት ይችላሉ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው፣ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ጸሐፊዎ «ጉዳዩ እየታየ ነው» እያሉ በትሕትና ስለሚሸኙኝ ነው። እውነታቸውን ነው፤ እኛም ደጃችን ላይ ቆመን እያየነው ነው። ቁጥር ያልተሰጠው ነገር በቢሮዎ እንደማይነበብ ስለሰማሁም ምስጋናዬን በቁጥር ለይቼ አቅርቤአለሁ።

፩. ስለ ቦዩ እናመሰግናለን። ውሃው ቶሎ ወደ ወንዙ እንዲወርድ ብለው ያስቆፈሩት ቦይ ሥራውን አሳምሮ ሠርቷል። በበጋ የጉድጓዳችንን ውሃ ሳይቀር ይዞት ሄደ፤ በዝናቡ ወራት ደግሞ ረግረጉ ውጦ ያስቀርልን የነበረው ጎርፍ ማረፊያ አጥቶ አልጋችን ሥር ድረስ ይገባል። በአንድ ዓመት ውስጥ መጠማትንም መስጠምንም ለአንድ ሰፈር ማዳረስ ቀላል ሥራ እንዳልሆነ እንረዳለን። ከቆፋሪዎቹ አንዱ ታናሽ ወንድሜ ነበር። አልፈርድበትም፤ ልጆች አሉት፣ ሌላ የቀን ሥራም አልነበረም። አሁን ግን እናታችን ወዳለችበት ክፍል ሲገባ አንገቱን ደፍቶ ነው።

፪. ረግረጉ መድረቅ ሲጀምር «እናድነዋለን» ብለው፣ ኮፍያና ቲሸርት አድለው፣ ዳር ዳሩን ባሕር ዛፍ ስላስተከሉልን ከልብ እናመሰግናለን። ውሃ ያነሰውን ቦታ እንዲጠብቅልን ከዛፍ ሁሉ ውሃ የማይጠግበውን መርጠው ማግኘትዎ ባለሙያዎችዎ የቱን ያህል እንደደከሙ ያሳያል። የራሴን ሰፈር ሰዎችም አልደብቅም። የደረቀውን ዳርቻ ጎረቤቶቼ ሽንኩርት ተከሉበት፤ «እኔ ብተወው ሌላው ይወስደዋል» አሉ፣ እርግጥም ይወስደው ነበር። ቤት ሠሪው ፍርስራሹን ደፋበት። የሳሙና ፋብሪካው አረፋውን ለቀቀበት፣ ዓሣ አጥማጁ አጎቴም መረቡን ጠቅልሎ ጣሪያው ሥር ሰቀለው። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ነው የቆረሰው፤ መጀመሪያ በሩን የከፈተው ግን የእርስዎ ቦይ መሆኑን ለትሕትና ብዬ መዝለል አልቻልኩም።

፫. ይህ ቁጥር ቢረዝም ይታገሡኝ።

ደንገል የምናጭደው ከዳር ዳር ነው። መካከሉን አንነካም። «እናት ደንገል» እንለዋለን፤ ዓሣው የሚራባበት፣ ወፉ የሚፈለፍልበት፣ የታጨደው ዳርቻም መልሶ የሚያቆጠቁጥበት እሱ ነውና። የዚህ ሥርዓት ጠባቂ እናቴ ነበረች። ማጭዱን ወደ መካከል ያሻገረ ሰው ካለ ቤቱ ድረስ ሄዳ ልጆቹ ፊት ታዋርደዋለች። የገዛ ወንድሟን ሳይቀር፣ ይቅርታ እስኪል ድረስ ለወራት አኩርፋዋለች።

ከዕለታት አንድ ቀን መሬት ለኪዎ መጣ። ስሙን ስላልነገረን በመሣሪያው «ባለ ሦስት እግሩ» አልነው፤ ጨዋ ልጅ ነበር። መካከሉን በእጁ እያሳየ ማን እንደሚጠቀምበት ጠየቀ። እናቴ ሻሿን አስተካክላ፣ ደረቷን ነፍታ «ይህንንማ ማንም አይነካውም ልጄ! እኔ በሕይወት እያለሁ ማጭድ አያርፍበትም» አለችው። እንዳይሰምጥ ብላ ጠንካራ ጠንካራውን መሬት በበትሯ እየነካች ዙሪያውን ሁሉ አሳየችው። ችካሎቹን የተከለው እሷ በመራችው መንገድ ነው። ሲጨርስም እጁን አስታጥባ፣ ውሃ አጠጥታ፣ መርቃ ሸኘችው።

ቀጥሎ የሆነውን እርስዎ ራስዎ ያስታውሱታል። በአዳራሹ ስብሰባ ላይ ተነሥተው መካከሉ ሥራ የፈታ መሬት መሆኑን፣ ማንም እንደማይጠቀምበት አንዲት የተከበሩ እናታችን በአንደበታቸው መመስከራቸውን፣ ስለዚህም ለሸንኮራ አገዳ ባለሀብት መሰጠቱን አበሰሩን። እናቴ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ነበር። «የተከበሩ እናታችን» ሲሉ የተመሰገነች መስሏት ፈገግ አለች። ሰዉ ሲያጨበጭብ እሷም አጨበጨበች። ነገሩ የገባት ወደ ቤት ስንመለስ ነው፤ መንገድ መሐል ቆማ «ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ እጇን ይዤ ወደ ቤት አስገባኋት።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ከቤት አትወጣም፤ ውሎ አድሮም ከመኝታዋ መነሣት ተወች። «እኔ ነኝ አሳልፌ የሰጠሁት» ትላለች። ቦዩ ቀድሞ የተቆፈረ መሆኑን፣ አገዳውም ብትናገር ባትናገር የማይቀር እንደነበር ብንነግራት አትሰማንም፤ ልጆቿ ስለሆንን የምናጽናናት ይመስላታል። እሷ የምታምነው ባለሥልጣን ነው። የመንግሥት መኪና ሲያልፍ ከተቀመጠችበት የምትነሣ ሴት ናት።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። መሬቱን ይመልሱ አልልም፤ እንደማይመለስ አውቃለሁ። ካሳም አልጠይቅም። ብቻ አንድ ቀን ብቅ ብለው «እርስዎ አልሰጡም፣ እኛ ነን የወሰድነው» ይበሉልኝ። ከመኪናዎ መውረድ አያስፈልግዎትም፤ አዲሱ የሸንኮራ መጫኛ መንገድ የቤታችንን ግድግዳ ታክኮ ስለሚያልፍ የመኪናዎ መስኮት ከመኝታዋ መስኮት ጎን ይደርሳል። ጆሮዋ ደኅና ስለሆነ መጮህም አይጠበቅብዎትም። ብቻ አይዘግዩብኝ።

የዘወትር ደግነትዎንና አርቆ አሳቢነትዎን እያደነቅሁ፣ ወንበርዎ እንዲጸና፣ ጫማዎም እንደነጣ እንዲኖር ከልቤ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

የመስካሪዋ ልጅ፣
ቀድሞ ምንጣፍ ሠሪ

ማስታወሻ፦ በቅርቡ ለሚያከብሩት የረግረግ ቀን የክብር እንግዶችዎ የሚቀመጡበት፣ በአካባቢው እጅ የተሠራ የደንገል ምንጣፍ እንድናቀርብ የላኩት መልእክት ደርሶናል፤ ስላስታወሱን እናመሰግናለን። በሰፈሩ ውስጥ የቀረው አንድ ምንጣፍ ብቻ ነው፤ እናቴ ተኝታበታለች። ከተነሣች አጥቤ፣ አድርቄ እልክልዎታለሁ። ካልተነሣች ግን ማንም አይነካውም።