ላላየሁት የባሌ ገቢ ግማሽ ስለተጠየቅሁት ግብር

ለተከበሩ የግብር መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣

ጤናዎ እንዲሰነብት፣ ወንበርዎ እንዲደላዎ፣ ከበር ላይ ተሰልፈን የምንውለው ሰዎች ሳላችን እስከ ቢሮዎ ዘልቆ እንዳያውክዎ እየተመኘሁ፣ እኔ ልብስ ጠጋኟ ሴት በአክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ከባሌ ጋር ሳንፋታ ተለያይተን መኖር ከጀመርን አራት ዓመት ሆነን። እሱ በሱቁ ሱፍ ይሰፋል፤ እኔ በተከራየኋት አንድ ክፍል ዚፕ እቀይራለሁ፣ የሱሪ ጫፍ አጥፋለሁ። ግብራችንንም ለየብቻ እናሳውቃለን።

አንደኛ፣ ባልና ሚስት ለየብቻ ቢያሳውቁም ገቢያቸው ተደምሮ እኩል ይካፈላል በሚለው ደንብዎ መሠረት የባሌን ገቢ ግማሽ በስሜ ስለጻፉልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። በሠላሳ ስምንት ዓመት ትዳር ግማሽ የሚባል ነገር የሰጠኝ ሰው እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት፤ ቅር ያለኝ የደረሰኝ ግብሩ ብቻ መሆኑ ነው። በሰማይ ያለችኝን ላም ወተቷን ሳላይ የግጦሿን ክፈይ ተብያለሁ።

ሁለተኛ፣ ድርሻዬን ልጠይቅ ባሌ ሱቅ ድረስ ብሄድ፣ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ፣ የሰጡሽ እነሱ ናቸው፣ ሄደሽ ከነሱ ተቀበይ አለኝ። መስኮት አራት ያለው ሠራተኛዎ ደግሞ፣ እማማ፣ እኛ በባልና ሚስት መካከል አንገባም ብሎ በትሕትና ሸኘኝ። ከገባችሁማ ቆይታችኋል ልለው ስል ተራዬ አልፎ ነበር።

ሦስተኛው የራሴ ጥፋት ነው። የትዳር ጓደኛውን ገቢ የማያውቅ ሰው ከግብሩ ነፃ የሚሆንበት ቅጽ አለ። ጎረቤቴ ልብስ አጣቢዋ ፊደል ስለማታውቅ በር ላይ ያለው ማመልከቻ ጸሐፊ ሞላላት፤ አውራ ጣቷን አስፍራ ነፃ ወጣች። እኔ ግን በስድሳ ዓመቴ ፊደል ቆጥሬ ስለነበር፣ ጸሐፊ አያሻኝም ብዬ በገዛ እጄ ሞላሁት። የባለቤትዎን ገቢ ያውቃሉ ለሚለው፣ መጻፍ መቻሌ እንዲታይልኝ፣ አዎን፣ በሳምንት ሦስት ሱፍ ይሰፋል፤ አብረን ሳለን ቁልፉን የምተክለው እኔ ነበርሁ ብዬ መስመሩን እስከ ጫፉ አዳረስሁት። በማግስቱ «ታውቃለች» የሚል ማኅተም አርፎበት ተመለሰልኝ። አስተማሪዬ እንኳ እንዲህ ፈጥና አርማልኝ አታውቅም።

ይግባኝ እንዳልል፣ ይግባኝ የሚሰማው ዕዳው ከተከፈለ በኋላ ነው ተባልሁ። ስለዚህ ሰኞ የስፌት መኪናዬ በዕዳው ይወሰዳል፤ ከሷ ሌላ የምበላበት ነገር የለኝም። ይህንንም የጻፍሁት ይለወጣል ብዬ አይደለም፤ መጻፍ ከተማርሁ ወዲህ ለሰው የላክሁት ደብዳቤ ስለሌለ ነው።

ደንብዎ እርስዎን አጽንቶ ያኑርዎ፤ እርስዎም ደንብዎን።

በወረቀት ከባሌ እኩል ሀብታም፣ በቤቴ ብቻዬን ድሃ የሆንሁ፣
ታዛዥዎ ልብስ ጠጋኟ

ድኅረ ጽሑፍ፦ መኪናዋ ከባድ ናትና የሚወስዷት ሰዎች ሁለት ሆነው ይምጡ። ከሷ ከማገኘውም ግማሹ የባሌ ነው ብላችሁ ስለጻፋችሁ፣ አንዱ እሱ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ግማሽ ሸክም ሲያነሣ አንድ ቀን እንኳ ልየው።