መርፌው እስኪሞቅ

መካነ ሰላም
ጥር 18 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለያሲን
አቀስታ

አሰላሙ አለይኩም። «ውዴ» የሚለው ቃል እጄ ላይ መጥቶ ነበር፤ መለስኩት። ደህና ነህ ወይ ብዬም አልጠይቅህም። እናቱ ቤት የተቀመጠ ሰው ምን ይሆናል?

የላክሃቸው ሽማግሌ፣ ሼህ ሀቢቡላህ፣ ትናንት መጡ። የቃል መልስ ይዘው ሊመለሱ ነበር። ሽማግሌ ግን ክፉ ቃል እንዳለ አያደርስም። እኔ እዚህ ብጮህ አቀስታ ሲደርስ «ትንሽ አኩርፋለች» ይሆናል። ስለዚህ ጻፍኩት።

«ልጄ አርዋ፣ መርፌውን ተይና ቤትሽ ግቢ» አሉኝ።

«ቤቴ ውስጥ ነኝ እኮ ሼኺ። የወጣው እሱ ነው።»

ሳቁ። ስለ ቁርጥማቴ ስነግራቸው ግን ሳቃቸው ቆመ። ለካ አልነገርካቸውም! መርፌው ወንድሜ ኢማድ ከጅዳ በመንገደኛ የሚልክልኝ የቁርጥማት መድኃኒት መሆኑን፣ ከእሱ በፊት ጣቶቼ ጠመኔ መያዝ አቅቷቸው ተማሪዎቼ ባዶ ሰሌዳ ያዩ እንደነበር፣ አንዱንም አልነገርካቸውም። ሊሄዱ ሲነሱ ጉልበታቸውን ይዘው፣ ቀስ ብለው፣ «ይሄ ነገር ለእኛስ አይሆንም?» አሉኝ።

ያንን የአረፋ ጠዋት ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። ለበዓሉ የመጡት እናትህ ገላዬን ስታጠብ ገብተው ጭኔን አዩ። መርፌ የገባበት ሁሉ ቀልቶ ያብጣል፣ ያሳክካል፣ ሰንብቶ ይከስማል። «ምች ነው» ቢሉኝ ዳማከሴ ተቀብቼ ዝም እል ነበር። እሳቸው ግን ጎረቤት እስኪሰማ ጮሁ።

«የመከላከያ መርፌ ነው! ልጄን ያለ ዘር ልታስቀረው ነው!»

አንተ በሩ ላይ ቆመሃል። ከቁርስ በፊት ግራ ክንዴን የወጋኸኝ አንተ ነህ። የጠረግህበት ጥጥ ገና ኪስህ ውስጥ ነበር። አንድ ቃል ከአፍህ እስኪወጣ ጠበቅሁ። ጫማህን አየህ።

ለምን ዝም እንዳልክ ብዙ አሰብኩበት። «ሚስቴ በዚህ ዕድሜዋ ቁርጥማት ይዟታል» ብለህ ለእናትህ ከምትናገር፣ «ሚስቴ ልጅ አትፈልግም» መባሉ ቀለለህ። ሐኪሙ እኮ ለመውለድ ስታስቡ አስቀድማችሁ ንገሩኝ ብቻ ነው ያለን። ሰምተሃል። አጠገቤ ተቀምጠህ እጄን ይዘህ ነበር።

መርፌውን አልተውም። ተማሪዎቼን አልተውም። ኒካሃችንን ማፍረስ ከፈለግህ ሼኺን መልሰህ ላካቸው። መምጣት ከፈለግህ ደግሞ እናትህን ይዘህ ና፤ በዚያው በር ላይ ቆመህ፣ በዚያው ጎረቤት በሚሰማው ድምፅ፣ መርፌው ምን እንደሆነና ማን ይወጋኝ እንደነበር ንገራቸው። ሌላ ሽማግሌ አልቀበልም።

ባትጠይቀኝም ስለ ቆዳዬ ልንገርህ። ብሶበታል። ቦታ እያቀያየርሽ ተወጊ ተብያለሁ፤ ጭን፣ ሆድ፣ የክንድ ጀርባ። ከሄድክ ወዲህ ግን ጭኔን ብቻ እየደጋገምኩ ነው። እርጥብ ጨርቅ አደርግበታለሁ፤ ማከክ ሲያምረኝ በጄ ላይ ቁጭ እላለሁ። ትናንት አብራኝ የምታስተምረው ራሄል አየችና ደነገጠች።

«ክንድሽስ?»

«ለብቻዬ አይደርስልኝም።»

«እኔስ? ግድግዳ ነኝ?»

እስካሁን ለምን እንዳልለመንኳት ለራሴም አልነገርኩም።

መርፌውን የማስቀምጠው አልታዬ ሱቅ፣ ፍሪጁ ውስጥ፣ ከለስላሳው ጎን ነው። እንደቀዘቀዘ ስወጋው ቆዳዬ ይበልጥ ይቆጣል። ስለዚህ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠውና ቅዝቃዜው እስኪለቀው እጠብቃለሁ። ይህን የጻፍኩልህ እሱ እስኪሞቅ ነው። አሁን ሞቋል። ራሄል እጇን ታጥባ ጥጡን ይዛ «ነይ በቃ፣ ምን ይሄን ያህል ይጻፋል?» እያለችኝ ነው።

አላህ ለእናትህ ዕድሜ ይስጣቸው። ለአንተ አንደበት ይስጥህ።

እጅጌዬን ሰብስቤያለሁ። ግራውን ነው የሰጠኋት፤ ያንተን።

አርዋ